ርዕሰ መስተዳድሩ እስከ የት ድረስ ያዛል? የሐዋሳ ልጆች እስቲ ግቡበት

የሐይቅ_ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። የሰፈራችን እድር አቤቱታ ሊያስገባ ነው። ጸሐፊ ስለሆንኩ መጻፉ እኔ ላይ ወድቋል። ጉዳዩ ደግሞ አንድ አይደለም። ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ ቦይ የለውም፤ ዝናብ ሲጥል ውሃው ሳሎን ይገባል። መብራት ሲሄድ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ጤና ጣቢያ ካርድ እናወጣለን፤ መድኃኒቱን ግን ከውጭ ግዙ እንባላለን። አንድ አባል ደግሞ የካርታ ጉዳይ አለብኝ፣ እሱም ይጨመርልኝ ብሏል።

ሽማግሌዎቹ «ሁሉንም ባንድ ደብዳቤ ለክቡር ርዕሰ መስተዳድሩ ጻፊው፣ ከላይ ካልታዘዘ የሚንቀሳቀስ የለም» አሉኝ። ወጣቶቹ «እሱ ራሱ የፌዴራል ሹመኛ ነው፣ ምን ያመጣል?» አሉ። ቡናው በረካ ደርሶም አልተስማማንም። የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ይሄ ሰውዬ በትክክል ምን ማዘዝ ይችላል? እሱንስ የሚያዘው ማነው?

ሦስት_ጎማ | 2፡52

ቤንዚኑንም ጨምሪበት በናትሽ። ወረፋ ላይ ሁሉም የሚሰድበው እሱን ነው።

ሕግ_ነክ | 3፡20

የሐይቅ_ዳር፣ መጀመሪያ የወጣቶቹን ላንሳ። የፌዴራል ሹመኛ አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሕግ አይሾመውም፣ አይሽረውምም። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ብታነቢው የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል የክልሉ ምክር ቤት ነው ይላል። የምክር ቤቱ ተጠሪነት ደግሞ ለክልሉ ሕዝብ ነው። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚመርጠው እሱ ምክር ቤት ነው። አብላጫ መቀመጫ ያለው ፓርቲ ሰው ያቀርባል፣ አባላቱ እጅ ያወጣሉ፣ ተመራጩ ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ከዚያ የቢሮ ኃላፊዎቹን ስም ይዞ እዚያው ምክር ቤት ፊት ይቀርባል። ካልጸደቁለት ካቢኔ የለውም።

ሥልጣኑን ለማየት አንቀጽ 51ን እና 52ን ጎን ለጎን ያዢ። 51 የፌዴራሉ ነው፤ መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነት፣ ገንዘብ፣ ቴሌ፣ ክልልን ከክልል የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች። 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልል ነው ይላል። በስም የተጠቀሱትም ቀላል አይደሉም። የክልሉን ፖሊስ ማደራጀትና መምራት አለ። የፌዴራል ሕግን ተከትሎ መሬት ማስተዳደር አለ። ግብር መሰብሰብ፣ የራሱን ሲቪል ሰርቪስ መቅጠርና ማስተዳደር አለ። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ። የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንትና ምክትሉን ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው ርዕሰ መስተዳድሩ ነው። አንቀጽ 81።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ። መብራት የፌዴራል ድርጅት ነው። ስልክ ደውሎ ይጠይቅልሽ ይሆናል፣ ማዘዝ ግን አይችልም። ቦዩ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። ጤና ጣቢያው በክልሉና በከተማው ሥር ነው። ካርታውን የከተማው መሬት ክፍል ያየዋል። አራት ጉዳይ ባንድ ደብዳቤ ካስገባሽ መዝገብ ቤት የሚመራበት ያጣና አንዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የሐይቅ_ዳር | 3፡31

ሪፈራልስ? እድሩ ውስጥ እሱንም ያነሱ ነበር።

ሕግ_ነክ | 3፡38

ሪፈራል የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የፌዴራል ነው። አዳሬ ግን በክልሉ ጤና ሥርዓት ውስጥ ያለ ነው። ሁለቱም ሐዋሳ ውስጥ ናቸው፤ የበላዮቻቸው ግን ለየብቻ ናቸው። ኢንዱስትሪ ፓርኩንም እንደዛው እይው። ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ጀምሮ በፌዴራል ኮርፖሬሽን ነው የሚተዳደረው። ልጆቹ ከፈረቃ ወጥተው ዋናውን በር ሲሻገሩ ግን የቤት ኪራያቸው፣ የሚሳፈሩበት ባጃጅ፣ ማታ የሚጠብቃቸው ፖሊስ የከተማውና የክልሉ ጉዳይ ይሆናል። በሩ ላይ ብትቆሚ በግራ እግርሽ ፌዴራል፣ በቀኝ እግርሽ ክልል ነሽ።

መምህርት_ሰ | 4፡02

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተና የክልል ነው፣ የ12ኛው የፌዴራል። ወላጅ ግን ውጤት ሲበላሽበት ለሁለቱም እኛን ነው የሚቆጣው።

እኔ የማስተምረው ሌላ ክልል ነው፤ እናቴ ሐዋሳ ስላለች ነው እዚህ የማነበው። በ2017 የደመወዝ ማሻሻያው ሲታወጅ ሁላችንም በቴሌቪዥን ሰማን። የወሰነው ፌዴራሉ ነው። የኔን ደመወዝ የሚከፍለው ግን ወረዳዬ ነው። «ተጨመረ» ከተባለበት ቀን አንስቶ እስኪገባ ድረስ ባለሱቁ ሁሉ እንደ ባለጸጋ ያየን ጀመር። ዱቤ ከለከለን! ስለዚህ ጥያቄዬ፦ ሌላ ሰው የወሰነውን ወጪ የክልሉ መሪ ከየት አምጥቶ ነው የሚከፍለው?

ጡረተኛው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ልጄ መምህርቷ፣ ዋናውን ነገር የነካሽው አንቺ ነሽ። እኔ በቀድሞው ደቡብ ክልል አንድ ቢሮ ውስጥ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። እዚህ የሚወራው ሁሉ ሥልጣን፣ ሥልጣን ነው። በጀቱን ሳታዩ ሥልጣኑን አታውቁትም።

የክልል መሪ ገንዘብ በሁለት በር ይገባለታል። አንደኛው ራሱ የሚሰበስበው ነው። የክልሉ ሠራተኛና የግል ድርጅት ተቀጣሪ የገቢ ግብር፣ የግለሰብ ነጋዴ ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ። አንቀጽ 97 ይዘረዝረዋል። ጉምሩክ፣ ማለትም ወፍራሙ፣ የፌዴራል ነው። የኩባንያዎች ትርፍ ግብር የጋራ ነው። ሁለተኛው በር ከፌዴራል የሚመጣው ድጎማ ነው። የ2017ን በጀት ውሰዱ። መጀመሪያ ሲጸድቅ ጠቅላላው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ለክልሎች ድጎማ የተያዘው 222.7 ቢሊዮን ነው። ማን ስንት ይውሰድ የሚለውን ቀመር የሚያወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የገዛ ገቢው ደመወዙን እንኳ የማይሸፍንለት መሪ ድጎማው መምጫ ላይ ዐይኑን ተክሎ ነው የሚውለው። ሲናገር ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ አይፍረዱበት።

የመጣው ደግሞ ሁሉ እጁ ላይ አይቀርም። ከ1994 እና 95 ወዲህ ትልልቆቹ ክልሎች ለወረዳ ጥቅል በጀት መስጠት ጀመሩ። የአንቺን ደመወዝ ወረዳ የሚከፍለው ለዚህ ነው። ወረዳ ላይ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈውን ስታዪ አንዳንዴ ለጠመኔና ለነዳጅ ነው የሚበቃው። ርዕሰ መስተዳድሩ ወረዳውን ሊጎበኝ መጥቶ «ትምህርት ቤት እንሠራለን» ሲል የፋይናንስ ኃላፊው መሬት መሬት ያይ ነበር። አይቻለሁ።

ሦስት_ጎማ | 1፡40

ጋሼ፣ ታዲያ ምን ቀረለት? መኪናና አጃቢ ብቻ?

ጡረተኛው | 2፡05

ኧረ በጭራሽ! መሬቱን ረሳኸው? ልንገርህ።

የካቢኔ ስብሰባ ሲኖር ፋይል ይዤ እገባ ነበር። ኃላፊዬ የሚፈልገው ወረቀት ቢጠፋበት ከኋላ ሆኜ ላቀብል። የመጀመሪያው አጀንዳ ሪፖርት ነው፤ ግማሹ ስልኩን ይነካካል። ሁለተኛው ደንብ ማጽደቅ፣ ውሃው ይቀዳል። ሦስተኛው ላይ «የኢንቨስትመንት ቦታ ጥያቄዎች» ሲባል ክፍሉ ጸጥ ይላል። መነጽር ያወለቀው መነጽሩን ያደርጋል። ስንት ሄክታር፣ የት ጋ፣ ካሳው ተከፍሏል ወይ፣ ባለሀብቱ ማን ነው። እዚያ ላይ የተሰጠ ውሳኔ የሰው ኑሮ ይቀይራል። ያወጣል፣ ያወርዳል።

በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ 721 የከተማ ቦታ በጨረታ ይሰጥ ነው የሚለው። በምደባም የሚሰጥበት መንገድ ግን አለው። ልዩ አገራዊ ፋይዳ አለው የተባለ ፕሮጀክት ርዕሰ መስተዳድሩ አይቶት ወደ ካቢኔ ከመራው ያለ ጨረታ ሊያገኝ ይችላል። «አይቶት ከመራው» የምትለዋን ያዝልኝ። ሰው በር ላይ ሰልፍ የሚይዘው ለዚህ ነው እንጂ ለቦይ አይደለም።

የአዳማው | 2፡50

ከናዝሬት ነው፣ ይቅርታ ከአዳማ። እኔ እንኳን የሕጉን አላውቅም። የምክር ቤቱን ነገር ግን በዐይኔ ስለማየው ልናገር።

ከ1992 እስከ 1997 የኦሮሚያ ዋና ከተማ እኛ ነበርን። ከዚያ መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ጨፌው፣ ማለትም የክልሉ ምክር ቤት፣ ግን እኛ ጋ ሲሰበሰብ ነው የኖረው። ጉባኤ ሲኖር ከሁለት ቀን በፊት ሆቴል ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ጭሱም ቁርጡም ይደምቃል። ነጋዴ ነኝና አልጠላውም። ጉባኤውን በቴሌቪዥን ስትከፍተው ግን ፕሬዝዳንቱ ረጅም ሪፖርት ያነባል። ጥቂት ጥያቄ ይቀርባል፤ አብዛኛው ጥያቄ «የኛ ወረዳ መንገድ መቼ ነው?» ነው። መልስ ይሰጣል። ይጸድቃል። በወረቀት ምክር ቤቱ አለቃው ነው ብላችኋል። አለቃው የሚያጨበጭብለት ሠራተኛ እስካሁን አላየሁም፤ እዚህ ግን የሚያጨበጭበው አለቃው ነው።

ሕግ_ነክ | 3፡10

ጥሩ አየህ። ምክንያቱ ግን የአባላቱ ፈሪነት ብቻ አይደለም። ሥርዓቱ ፓርላሜንታዊ ነው። አባላቱና ርዕሰ መስተዳድሩ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። እሱን ጣሉ ማለት የራሳቸውን ፓርቲ ጣሉ ማለት ነው። ተቃዋሚ መቀመጫ ከሌለበት ምክር ቤት ከባድ ጥያቄ ከየት ይመጣል?

ፍራንክፈርት_ሀበሻ | 4፡25

የጀርመኑን ልጨምር፤ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው እዚህ። ያለሁበት ክልል ሄሰን ይባላል። መሪውን የሚመርጠው የክልሉ ፓርላማ ነው። እስከዚህ ከኛ ጋር አንድ ነው። ፖሊሱም ትምህርቱም የክልል ነው።

ልዩነቱ በርሊን ላይ ነው። ቡንደስራት የሚባል ምክር ቤት አለ። የሚቀመጡበት የክልል መንግሥታቱ ራሳቸው ናቸው። አሥራ ስድስቱ ክልሎች በድምሩ 69 ድምፅ አላቸው። እንደየሕዝብ ብዛታቸው ከ3 እስከ 6 ይይዛሉ፤ ሄሰን 5 አለው። አንዱ ክልል ድምፁን ለሁለት ከፍሎ መስጠት አይችልም፤ አምስቱንም ባንድ ወገን ነው የሚጥለው። የክልሎችን ኪስ የሚነካ ብዙ ሕግ ያለነሱ ፈቃድ አያልፍም። በኮሮና ጊዜ መራሒተ መንግሥቷ ከአሥራ ስድስቱ መሪዎች ጋር እስከ ውድቅት ሌሊት ስትጨቃጨቅ እናይ ነበር። ማዘዝ ስለማትችል ነው የምትጨቃጨቀው። የኛዎቹ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ የሚሉበት ወንበር አላቸው?

ሕግ_ነክ | 4፡50

የላቸውም፤ ይሄ ነው ትልቁ ጉድለት እኔን ብትጠይቁኝ። የፌዴሬሽን ምክር ቤታችን የክልል መንግሥታት ቤት አይደለም። የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቤት ነው። እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፤ በየአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። አባላቱን የክልል ምክር ቤቶች ይመርጣሉ። ዋና ሥራው ሕገ መንግሥት መተርጎምና የድጎማ ቀመር ማውጣት እንጂ እንደ ቡንደስራት በየሕጉ ላይ ድምፅ መስጠት አይደለም። ስለዚህ ርዕሰ መስተዳድር ሆኖ፣ በዚያ ወንበሩ፣ በፌዴራል ሕግ ላይ አንድም ድምፅ የለውም።

በ2013 የመንግሥታት ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 1231 ወጥቷል። መድረክ አለ፣ ይወያያሉ፣ ይመካከራሉ። ምክክር ግን ድምፅ አይሆንም። የመምህርት_ሰን ደመወዝ የወሰነው ክፍል ውስጥ ከፋዩ ድምፅ ቢኖረው ኖሮ ባለሱቁ ዱቤ የሚከለክልበት ጊዜ ያጥር ነበር።

ቡና_ጠጪ | 5፡30

ይሄ ሁሉ አንቀጽ ምን ያደርጋል? እውነቱን አታውሩም። ርዕሰ መስተዳድር ማለት ፓርቲው ያስቀመጠው ሰው ነው። ፓርቲ ሲጠራው ይሄዳል፣ ፓርቲ ሲያነሳው ይነሳል። በቃ። ሐሙስ በሰላም ያመሸ ሰው ዓርብ «በሌላ ኃላፊነት» ይባላል፤ ምክር ቤቱ ሰኞ ተሰብስቦ ያጸድቃል። ድሮ ቢያንስ የየራሳቸው ድርጅት ነበራቸው። ኦሕዴድ፣ ብአዴን፣ ደኢሕዴን፣ ሕወሓት። ሊቀመንበሩ የራሱ ማዕከላዊ ኮሚቴ ከኋላው ነበር። 2012 ላይ ሦስቱ ከአጋሮቹ ጋር ተዋህደው ብልጽግና ከሆኑ ወዲህ የክልሉ መሪ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው።

ጡረተኛው | 6፡10

ወንድሜ ቡና_ጠጪ፣ የዛሬው ክፉ እንዲመስል ያለፈውን አታሳምረው። እኔ በዚያ ዘመን ቢሮ ነበርኩ። ዲሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚሉት ነበራቸው። ከላይ የተወሰነ ነገር ታች ሲደርስ «ግልጽነት መፍጠር» እንጂ መከራከር አልነበረም። የአምስት ዓመት ዕቅዱ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣልን። እኛ ቁጥር ነው የምንሞላው። የራሱ ማዕከላዊ ኮሚቴ ያልከው ያን ጊዜ ብዙውን የሚያገለግለው ለግምገማ ነበር።

አንድ ነገር ግን እውነት ነው። የክልል ወንበር ለትልቁ ወንበር መሰላል ነበር። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ከ1994 እስከ 1998 እዚችው ሐዋሳ ርዕሰ መስተዳድር ነበሩ፤ 2005 መስከረም ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በመሐል ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል መሆን ነበረባቸው።

ሕግ_ነክ | 6፡22

ጋሼ ጥሩ አስታወሱኝ። አንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል ይላል። የክልል መሪ የሚቀመጠው ደግሞ በክልል ምክር ቤት ነው። የካቲት 2010 ላይ ኦሕዴድ ውስጥ የሆነውን አስታውሱ። አቶ ለማ መገርሳ የኦሮሚያ ፕሬዝዳንትና የድርጅቱ ሊቀመንበር ነበሩ፤ አገር የሚያውቃቸው። የፌዴራሉ ፓርላማ አባል ግን አልነበሩም። ሊቀመንበርነቱ ወደ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ዞረ፤ መጋቢት 24 ቀን ዶክተር ዐቢይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የት ምክር ቤት ተቀመጥክ የሚለው ነገር የአገር ታሪክ ይቀይራል።

ቡና_ጠጪ | 6፡40

እኔ ያልኩት ታዲያ ሌላ ነው? ማን እንደሚሆን የወሰነው ድርጅቱ ነው።

የአላሙራ_ልጅ | ከቀኑ 8፡15

የሲዳማውን የሚያነሳ ጠፋ? እኛ እኮ ርዕሰ መስተዳድር ለማግኘት ብዙ ዋጋ የከፈልን ነን። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 98.51 በመቶው ክልል እንሁን አለ። በቀጣዩ ሰኔ ሥልጣን ተረከብን፣ አቶ ደስታ ሌዳሞ የመጀመሪያው መሪ ሆኑ። እናንተ «ምን ያመጣል» ትላላችሁ። ቀድሞ አንዱ ርዕሰ መስተዳድር ለ56 ብሔረሰብ ነበር። የሃምሳ ስድስቱን ጥያቄ የሚሰማ ሰው የኔን መቼ ይደርስበታል? አሁን ቢያንስ በጀቱ ሲመደብ፣ ቋንቋው ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ቡናችን ላይ ሲወሰን፣ የሚወሰነው እዚህ ነው። ወንበሩ ጎደሎ ሊሆን ይችላል። ግን ቅርብ ነው።

ጡረተኛው | 8፡50

ትክክል ብለሃል ልጄ። አንድ የሚያስቅ ነገር ላንሳ። ከ2012 እስከ 2015 ድረስ ሐዋሳ ላይ ሁለት የክልል መንግሥት ነበረ። ሲዳማም እዚህ፣ ደቡብም እዚህ። ባለጉዳይ ከሩቅ ወረዳ ሌሊት ተነስቶ ይመጣና የሳተው በር ላይ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ዘበኛው በመጨረሻ «አባቴ፣ የእርስዎ ያኛው ነው» ይለዋል። ነሐሴ 2015 ላይ ደቡብ ክልል ሲከስም ጓደኞቼ ግማሾቹ ወላይታ ሶዶ፣ ግማሾቹ ሆሳዕና ተመደቡ። ወንበርና ኮምፒውተር ሳይቀር በዝርዝር ተካፍለዋል። ሚስትና ልጅ ሐዋሳ ትተው ዓርብ ማታ የሚመላለሱ አሉ። አዲስ ርዕሰ መስተዳድር ማለት አዲስ ፋይል፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ የቤት ኪራይ ማለትም ነው። ይሄን የሚቆጥርላችሁ ያለ አይመስለኝም።

ሦስት_ጎማ | 9፡05

ልዩ ኃይሉስ? እሱ ሲኖር እኮ ርዕሰ መስተዳድሮቹ ጡንቻ ነበራቸው።

ሕግ_ነክ | 9፡30

ሕገ መንግሥቱ ለክልል የሰጠው ፖሊስ ነው። ልዩ ኃይል በአንቀጽ የተጻፈ አልነበረም፣ በተግባር ያደገ ነው። በ2015 መጋቢት መጨረሻ ላይ ፌዴራሉ ልዩ ኃይሎቹ ወደ መከላከያ፣ ፌዴራል ፖሊስና መደበኛ የክልል ፖሊስ ይግቡ ብሎ ወሰነ። አማራ ክልል ውስጥ ያስከተለውን ተቃውሞ ታውቃላችሁ። አሁን ከፖሊሱ አቅም በላይ የሆነ ነገር ከመጣ ርዕሰ መስተዳድሩ ያለው መንገድ መጠየቅ ነው። አንቀጽ 51 ክልሉ ሲጠይቅ መከላከያ ይሰማራል ይላል።

ሳይጠየቅ የሚገባበትም አለ። ክልሉ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ጥሏል ካለ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጣልቃ ገብነት ያዛል። ዝርዝሩ በ1995ቱ አዋጅ 359 ላይ ነው። የክልሉን ምክር ቤትና አስፈጻሚ አግዶ ጊዜያዊ አስተዳደር እስከ ማቋቋም ይደርሳል። በዚያን ጊዜ የመሪው ተጠሪነት ይገለበጣል። መጋቢት 2015 ላይ አቶ ጌታቸው ረዳ የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ፕሬዝዳንት ሲሆኑ የሾማቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፣ ምክር ቤት አይደለም። ወጣቶቹ «የፌዴራል ሹመኛ» ያሉት እዚያ ላይ ይሠራል፤ ሐዋሳ ላይ ግን አይሠራም።

ፑንጃብ_የተማረ | 10፡10

ሕንድም ይሄ በሽታ ነበረባት። አንቀጽ 356 የሚባል አላቸው። 1959 እንደ ፈረንጆቹ፣ ኬራላ ላይ የተመረጠውን የኮሚኒስት መንግሥት ዴልሂ አነሳችው። ከዚያ ልማድ ሆነ፤ ማዕከሉ ያልተስማማውን የክልል መሪ ሁሉ ያወርድ ጀመር። 1994 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በቃ አለ። አብላጫ አለው ወይስ የለውም የሚለው በምክር ቤቱ ወለል ላይ በድምፅ ይለይ፣ ማውረዱንም ፍርድ ቤት ሊመረምረው ይችላል ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በጣም ቀንሷል። የኛ ችግር ዳኛው፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ፣ ራሱ የፖለቲከኞች ቤት መሆኑ ነው።

አወያይ | 10፡25

ሦስት አስተያየት አንስቻለሁ። ብሔር ጠርቶ መሳደብ እዚህ ቤት አይቻልም። ቀጥሉ።

የሐይቅ_ዳር | ማታ 1፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን ለአራት ከፍዬዋለሁ። የጤና ጣቢያው ለጤና ቢሮ፣ የቦዩ ለማዘጋጃ ቤት፣ የካርታው ለመሬት ክፍል፣ የመብራቱ ለራሱ ለመብራት ድርጅቱ። ሽማግሌዎቹ «ለርዕሰ መስተዳድሩ ግልባጭ ካልገባ አንፈርምም» ብለዋል። ለምክር ቤት አባላችንም ግልባጭ ላድርግ ብዬ ነበር። ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን እድሩ ውስጥ አጣሁ።

ሕግ_ነክ | 1፡42

ምርጫ ቀን እኮ ሁለት ወረቀት ነው የሚሰጠን። አንዱ ለፌዴራሉ፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። ሁለተኛውን ማን ላይ እንዳደረገ የሚያስታውስ ካለ እዚህ ይጻፍ።

የአዳማው | 1፡50

እኔ ምልክቱን ነው የማስታውሰው፣ ሰውየውን አይደለም።

ጡረተኛው | 2፡20

የሐይቅ_ዳር፣ ክልል ምክር ቤት ሄደሽ ቋሚ ኮሚቴዎቹ የት ናቸው በይ። የጤናና ማኅበራዊ ጉዳይ የሚመለከተው ይኖራል፤ የአባላቱ ስም ዝርዝርም እዚያው አለ። ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትይ። ጊዜውን ደግሞ አስቢበት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ነው የሚገባው። ቢሮዎች ጥያቄያቸውን ቀደም ብለው ነው የሚያሰባስቡት። ነሐሴ ላይ የመድኃኒት በጀት ብትጠይቂ «በሚቀጥለው ዓመት ይታያል» ነው መልሱ። ለርዕሰ መስተዳድሩ ግልባጩን አድርጊ፣ አይጎዳም። ጽሕፈት ቤቱ «ለሚመለከተው» ብሎ ሲመራው ቢሮ ኃላፊው ቁጥር ያለው ደብዳቤ እጁ ላይ ይገባል። ቁጥር ካለው መልስ ይጠየቅበታል። የመዝገብ ቁጥሩን ሳትይዢ ከመዝገብ ቤት እንዳትወጪ።

ሦስት_ጎማ | 2፡45

ለኔም አንድ ንገሩኝ። የባጃጅ ታሪፍና መስመር የማን ነው? እሱም ፌዴራል ልትሉኝ ነው?

ሕግ_ነክ | 2፡51

የለም። ከተማ ውስጥ ያለው ታሪፍ፣ መስመር፣ ስምሪት የክልልና የከተማ ነው። ትራንስፖርት ቢሮ ከርዕሰ መስተዳድሩ ካቢኔ አንዱ ነው።

ሦስት_ጎማ | 2፡53

አገኘሁት! የሐይቅ_ዳር፣ አምስተኛ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ? ከፈለግሽ መዝገብ ቤት ድረስ በነፃ አደርስሻለሁ፤ ቤንዚን ካገኘሁ።